አዲስ ወደ ቤት የገባ ቡችላ ሲታመም ስለሚገባው ርኅራኄና ሕክምና

በሬ ያርሳል፤ ላም ትታለባለች፤ በቅሎ ትጫናለች፤ ውሻ ግን ምን ይሠራል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሌሊቱን በደኅና ተኝቶ ያደረ ሰው ነው። እርሱ በተኛበት ሰዓት የበጎቹን ጉረኖ ከጅብ፥ ጎተራውንም ከሌባ የጠበቀው ማን እንደ ሆነ ልብ አላለውም። በአገራችን ከደጋ እስከ ቆላ ውሻ የማይጮኽበት የገበሬ ደጅ ጥቂት ነው። ነገር ግን በሬው ሲታመም መድኃኒት ፍለጋ ከአገር አገር የሚዞረው ባለቤት፥ ውሻው ሲታመም፥ ይልቁንም ገና አዲስ የመጣ ቡችላ ሲሆን፥ ሌላ ይገኛል ብሎ ከአጥር ውጭ ይጥለዋል። ይህ ልማድ የርኅራኄን ነገር ብቻ የሚመለከት ሳይሆን የሰውንም የከብትንም ጤና የሚነካ ስለ ሆነ፥ በየአውራጃውና በየወረዳው በሹመት ላይ ያላችሁ፥ እርሻና ከብትም ያላችሁ ክቡራን አንባብያን ታስቡበት ዘንድ የሚከተለውን ጽፈናል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ቡችላ ቶሎ የሚታመምበት ምክንያት

ቡችላ እንደ ተወለደ ከእናቱ የሚጠባው እንገር ምግብ ብቻ አይደለም፤ እናቲቱ ታማ የዳነችባቸውን ወይም የተከተበችባቸውን በሽታዎች የሚከላከል ኀይል በእንገሩ ውስጥ ወደ ልጆቿ ይተላለፋል። ይህ የውርስ ኀይል ግን እንደ ስንቅ ቀስ በቀስ እያለቀ ይሄዳል፤ ከ6 እስከ 16 ሳምንት ባለው ዕድሜ ውስጥ በአንዱ ቡችላ ቀድሞ፥ በሌላው ዘግይቶ ያልቃል። የእናቱ ኀይል ባለቀበትና የራሱ ኀይል ገና ባልጸናበት ጊዜ መካከል ያለው ክፍተት፥ በሽታው የሚገባበት በር ነው። ሰውም ቡችላውን ከእናቱ ለይቶ ወደ አዲስ ቤት የሚያመጣው ብዙ ጊዜ በዚሁ ወራት ነው።

ከዚህም በላይ ቡችላው በጆንያ ወይም በቅርጫት ሆኖ ረጅም መንገድ ይሄዳል፤ ከወንድሞቹና ከእኅቶቹ ጋራ ተቃቅፎ ይተኛ የነበረው በብርድ መሬት ላይ ብቻውን ያድራል፤ ወተት የለመደው ሆዱም ድንገት ደረቅ እንጀራና የወጥ ትራፊ ይቀበላል። ወስፋት የሚባለው ትል ደግሞ ገና በእናቱ ማኅፀን ሳለ ወደ ቡችላው ስለሚተላለፍ፥ ንጹሕና ወፍራም የሚመስለው ቡችላ እንኳ ሆዱ የተነፋው በጥጋብ ሳይሆን በትል ሊሆን ይችላል። ደም የሚመጥ ሌላ ትንሽ ትልም አለ፤ እርሱ የበዛበት ቡችላ ድዱ እንደ ወረቀት ይነጣል፤ በደም ማነስም ይሞታል።

ስለዚህ ቡችላ ስምንት ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ ባይለይ መልካም ነው። በመጣም ጊዜ ይበላው የነበረውን ምግብ ጠይቆ ለጥቂት ቀን ያንኑ መስጠት፥ ሌሎች ውሾች ካሉበት ቤት ከሆነም ሁለት ሳምንት ያህል ለብቻው ማኖር ይገባል።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚደረግ ጥንቃቄ

ወደ ሕክምናው ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ማስጠንቀቅ ግድ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ትልቁን ውሻ ብቻ ሳይሆን ቡችላንም ይይዛል። ቡችላው ያለ ምክንያት የሚናከስ፥ ድምፁ የተለወጠ፥ ለሃጩ የሚዝረበረብ፥ መንጋጋው የተንጠለጠለ፥ መዋጥ ያቃተው ወይም ሲሄድ የሚንገዳገድ ከሆነ፥ አጥንት ተሰንቅሮበት ይሆናል ብሎ እጅን ወደ አፉ መስደድ ታላቅ ጥፋት ነው። እንዲህ ያለውን ቡችላ በእጅ ሳይነኩ በቤት ዘግቶ የእንስሳት ሐኪም መጥራት ይገባል።

የተነከሰ፥ የተቧጨረ ወይም ለሃጩ በቍስሉ ላይ የነካው ሰው ቢኖር፥ ቍስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በብዙ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ አጥቦ፥ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ክትባቱን ይጀምር። በሽታው በሰው ላይ ከተገለጠ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል፤ ክትባቱ ግን በጊዜው ከተደረገ ያድናል። ሉዊ ፓስተር የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ በሐምሌ ወር 1885 ዓ.ም. ዮሴፍ ማይስተር የሚባለውን የ9 ዓመት ልጅ በዚህ መንገድ ካዳነ ወዲህ ነገሩ የተረጋገጠ ነው። ጸበልም ቢሆን ጸሎትም ቢሆን ከክትባቱ ጋራ እንጂ በክትባቱ ፈንታ ሊሆን አይገባም።

ቡችላን የሚገድሉ ሁለት ታላላቅ በሽታዎች

የመጀመሪያው ፓርቮ የሚባለው ነው። ይህ በሽታ በዓለም ላይ ከታወቀ ብዙ ዘመን አይደለም። በ1978 ዓ.ም. በልዩ ልዩ አገር ተነሥቶ በሁለት ዓመት ያህል ውስጥ ዓለምን አዳረሰ፤ ከዚያ በፊት የሚያውቀው ውሻ ስላልነበረም ትልቁንም ትንሹንም ገደለ። ሊቃውንት መርምረው ድመቶችን ከሚገድለው ከቀድሞው በሽታ ዘር እንደ ወጣ አስረዱ፤ በአሜሪካም በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሊላንድ ካርማይክልና ማክስ አፔል የተባሉ ሊቃውንት ደክመው ክትባት አዘጋጁለት።

የፓርቮ መንሥኤ ቫይረስ የሚባል በዓይን የማይታይ ረቂቅ ተሐዋሲ ነው። በታመመው ውሻ ሰገራ ይወጣል፤ በጫማም፥ በእጅም፥ በምግብ ዕቃም ተሸክመውት ይሄዳሉ፤ በመሬት ላይም ለወራት፥ በሚስማማው ስፍራ እስከ ዓመት ድረስ ይቈያል። ቡችላው በገባበት ከ3 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ መጀመሪያ ይተክዛል፤ ምግብ ይጠላል፤ ከዚያም ያስመልሰዋል፤ በመጨረሻም ሽታው የከፋ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ይይዘዋል። ተሐዋሲው የአንጀቱን ሽፋን ያፈርሳል፤ በሽታን የሚዋጉትን ነጫጭ የደም ሕዋሳትም ይፈጃል። ስለዚህ ቡችላው የሚሞተው ውሃው ከሰውነቱ ተሟጦ በማለቁና በአንጀት ውስጥ የሚኖሩት ሌሎች ተሐዋስያን በፈረሰው አጥር ገብተው ደሙን ስለሚመርዙት ነው። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል እንደሚባለው መሆኑ ነው። ያልታከመው ቡችላ አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል፤ በጊዜው የታከመው ግን አብዛኛውን ጊዜ ይድናል።

ሁለተኛው ዲስቴምፐር የሚባለው ነው። ዓይኑና አፍንጫው ወፍራም ፈሳሽ ያወጣል፤ ያስለዋል፤ ያተኩሰዋል፤ ያስቀምጠዋል፤ ከዚያም ከሳምንታት በኋላ ጡንቻው ይንቀጠቀጣል፥ ይጥለዋልም። እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ጄነር፥ የፈንጣጣን ክትባት ያስተማረው ሐኪም፥ በ1809 ዓ.ም. ስለዚህ በሽታ ጽፏል፤ ፈረንሳዊው አንሪ ካሬም በ1905 ዓ.ም. መንሥኤው በረቂቅ ማጥለያ የሚያልፍ ተሐዋሲ መሆኑን አስረዳ፤ ፓትሪክ ሌይድሎና ጆርጅ ደንኪን የተባሉ የእንግሊዝ ሊቃውንትም በ1920ዎቹ ዓመታት የሚከላከልበትን ክትባት አወጡ።

ይህ የውሻ በሽታ ለአገራችን ሰው እንግዳ ያልሆነ ዘመድ አለው። በ1887 ዓ.ም. በምጽዋ በኩል ከውጭ ከመጡ ከብቶች ጋራ የገባው የከብት ደስታ፥ ከመቶው ከብት ዘጠናውን ያህል እንደ ጨረሰና የሚያርስ በሬ ጠፍቶ ከ1888 እስከ 1892 ዓ.ም. ክፉ ቀን የተባለው ረኃብ እንደ ሆነ፥ አባቶቻችን የነገሩን ነገር ነው። የዚያ የከብት ደስታ፥ የሰው ኩፍኝና የውሻው ዲስቴምፐር ተሐዋስያን ከአንድ ዘር የሚቈጠሩ ናቸው። የከብት ደስታ በሊቃውንት ጥበብና በክትባት ብርታት ከዓለም ላይ መጥፋቱ በ2011 ዓ.ም. ታወጀ። በበሬ ላይ የቻልነውን በውሻ ላይ አይቻልም ማለት እንግዲህ አያስኬድም።

ሁለቱም በሽታዎች ወደ ሰው አይተላለፉም፤ ስለዚህ የታመመውን ቡችላ ልጆች ያስታምሙት እንደ ሆነ ከዚህ ከሁለቱ የተነሣ የሚያሠጋ የለም። ትሉ ግን ወደ ልጆች ስለሚተላለፍ፥ ከነኩት በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ ሊዘነጋ አይገባም።

ስለ ማስታመም

ቡችላ ትንሽ ስለ ሆነ የሚሞተው በቀን ሳይሆን በሰዓት ተቈጥሮ ነው። ዛሬ ማታ ያስመለሰውን ነገ እናየዋለን ማለት አይጠቅምም። ከንፈሩን ገልጦ ድዱን ማየት፤ ጤነኛ ከሆነ ቀላ ያለና እርጥብ ነው፤ በጣት ጫን ብለው ሲለቁትም ከሁለት ሰከንድ ባነሰ ጊዜ መልኩ ይመለሳል። የማጅራቱን ቆዳ በሁለት ጣት ሳብ አድርገው ሲለቁት እንደ ተነሣ ከቈየ ውሃ ጐድሎበታል። ድዱ የደረቀና የነጣ፥ እግሮቹም የቀዘቀዙ ከሆነ ቀጠሮ የሌለው ሕመም ነውና ወዲያው ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ ያስፈልጋል።

እስከዚያው ድረስ፥ ነፋስ በማይገባበት ደረቅ ስፍራ ጭድና አሮጌ ጨርቅ አንጥፎ ማስተኛት፤ ብርድ ከያዘውም ሙቅ ውሃ በጠርሙስ ሞልቶ በጨርቅ ጠቅልሎ ከጐኑ ማኖር ይገባል፤ እሳት ዳር ማስጠጋት ግን አይበጅም። ደክሞ ከዛለ ጥቂት ማር ወይም በውሃ የተበጠበጠ ስኳር በጣት ድዱን መቀባት ኀይል ይሰጠዋል፤ ትንሽ ቡችላ ሳይበላ ሲውል የደሙ ስኳር ፈጥኖ ያልቃልና። ማስመለሱ ሲቆምለትም ለሰው በሚሰጠው በሕይወት አድን ቅመም የተዘጋጀውን ውሃ በማንኪያ ጥቂት በጥቂት፥ ቶሎ ቶሎ ማቅመስ ነው። እያስመለሰው ሳለ ግን በግድ መጋት ወደ ሳንባው ይገባና ይገድለዋል።

የሐኪሙ ዋና መድኃኒት፥ በተለምዶ ግሉኮስ የምንለው፥ በደም ሥር ወይም በቆዳ ሥር የሚሰጠው ውሃ ነው። ተሐዋስያን ደሙን እንዳይመርዙ የሚከለክል መርፌና ማስመለስን የሚያቆም መድኃኒት ይጨመርበታል። በ2023 ዓ.ም. ደግሞ የፓርቮን ተሐዋሲ የሚይዝ ልዩ መርፌ በአሜሪካ መንግሥት ተፈቅዷል፤ ነገር ግን እርሱ በሌለበትም አገር ውሃና ትጋት ብዙዎችን አድኗል። ቀድሞ ቡችላው ማስመለሱ እስኪቆም ድረስ ከምግብ እንዲከለከል ይታዘዝ ነበር፤ አሁን ግን የሚሻለው በጊዜ ጥቂት ጥቂት ማብላት መሆኑ ታውቋል። ለዚህም በውሃ ብቻ የተቀቀለ ሩዝና የዶሮ ሥጋ፥ ያለ ቅቤ፥ ያለ በርበሬ፥ ያለ ሽንኩርት ሆኖ ይበቃል። ሽንኩርት፥ ቀዩም ነጩም፥ የውሻን ደም የሚያፈርስ ስለ ሆነ ለመድኃኒት ተብሎ እንኳ መሰጠት የለበትም። ለሰው ሕመም ማስታገሻ ተብለው የሚሸጡት ክኒኖችም እንዲሁ ውሻን ይገድላሉ። የትል መድኃኒት አስፈላጊ ነው፤ መጠኑ ግን በክብደቱ ተለክቶ በሐኪም ይታዘዝ።

የሚያስታምመው አንድ ሰው ይሁን፤ ሰገራውንና ያስመለሰውን በጥልቅ ይቅበር፤ ወለሉንና ዕቃውን መጀመሪያ በሳሙና አጥቦ፥ ከዚያ አንድ እጅ በረኪና ከ30 እጅ ውሃ ጋራ ቀላቅሎ ያፍስስበት። ሳሙና ብቻውን የፓርቮን ተሐዋሲ አይገድልም። ፓርቮ በሞተበት ግቢ ያልተከተበ ሌላ ቡችላ ለረጅም ጊዜ ማስገባት ያንኑ ሞት መድገም ነው።

ትጋት የሚያደርገውን የሚያሳይ ምሳሌ

በአሜሪካ በቴክሳስ ግዛት ኦስቲን በምትባለው ከተማ፥ ባለቤት አጥተው በከተማው መጠለያ የተሰበሰቡ ቡችሎች ፓርቮ ሲይዛቸው አይድኑም፥ ሌሎቹንም ያስይዛሉ ተብሎ ይገደሉ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ኦስቲን ፔትስ አላይቭ የሚባለው የበጎ አድራጊዎች ማኅበር እነዚህን ቡችሎች ለብቻ በተከለለ ክፍል ማስታመም ጀመረ። ከሥራው ብዙው የተሠራው በፈቃዳቸው በሚያገለግሉ ሰዎች ነው፤ ውሃ ሰጡ፥ አጠቡ፥ አሞቁ፥ በሰዓቱ መርፌ ወጉ። በ2020 ዓ.ም. የታተመው የሥራው ምርመራ እንደሚያስረዳው፥ በዐሥር ዓመት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ ከታከሙት ከ5000 በላይ ከሚሆኑት ቡችሎችና ውሾች ከመቶው 86 ያህሉ ድነዋል። የሞቱትም አብዛኞቹ የሞቱት በመጀመሪያዎቹ አምስት ቀኖች ነው፤ እነዚያን አምስት ቀን ያለፈው ሊድን ተቃርቧል ማለት ነው። ባለቤት የሌለው ቡችላ እንዲህ ከዳነ፥ ባለቤትና ቤት ያለው ለምን ይሞታል?

አንድ የወረዳ አስተዳዳሪ ያደረገው

በአንድ የደጋ ወረዳ ያየነውን ደግሞ እንጨምር። የወረዳው አስተዳዳሪ ለልጃቸው ከገጠር ሁለት ቡችሎች፥ ወንድና ሴት፥ አስመጡ። በመጡ በአምስተኛው ቀን ሁለቱም ታመሙ፤ ሲነጋም ደም አስቀመጣቸው። የግቢው ዘበኛ፥ «ጌታዬ፥ ሌሎቹ ውሾች ሳይያዙ ገደል ልጣላቸው» አለ። የዘጠኝ ዓመት ልጃቸው ግን፥ «አባባ፥ እኔ ስታመም ሐኪም ቤት አይደል የወሰድከኝ?» አለቻቸው። አስተዳዳሪው መልስ አጡ።

ያን ዕለት ገበያ ነበረና በእንስሳት ጤና ጣቢያው ደጅ በሬና አህያ የያዙ ገበሬዎች ተሰልፈዋል። ሹም ቡችላ በቅርጫት ይዞ ቢታይ ሰው ምን ይላል የሚለው ሐሳብ አስተዳዳሪውን ከበራቸው ላይ ጥቂት እንዳቆማቸው ራሳቸው ነግረውናል። ሆኖም ሄዱ፤ ተራም ጠበቁ። የጣቢያው ሐኪም ወጣት ሴት ነበረች። ሁለቱን ከመረመረች በኋላ፥ «ወንዱ ይድናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ሴቲቱ ግን ሰውነቷ ቀዝቅዟል፤ የምችለውን አደርጋለሁ እንጂ ትድናለች ብዬ አልዋሽዎትም» አለቻቸው። ሁለቱንም ግሉኮስ ሰጠቻቸው። ማታ ሴቲቱ ቡችላ ራሷን ስታ ትንፋሿ ይቈራረጥ ጀመር፤ ሐኪሟም ሥቃዩን ከማራዘም ማሳረፍ እንደሚሻል ለአስተዳዳሪው አስረድታ፥ ፈቃዳቸውን ተቀብላ፥ በመርፌ አስተኝታ አሳረፈቻት። ልጅቱም በአጠገቧ ሆና ራሷን ትደባብስ ነበር። ወንዱ አራት ቀን ታከመ፤ በአምስተኛው ቀን የሩዙን ሳሕን ላሰ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በሰልፉ ላይ የነበረ አንድ ገበሬ አስተዳዳሪውን፥ «ጌታዬ፥ ውሻም ይታከማል? እኔ ባለፈው ዓመት ሦስት ቡችላ ጥያለሁ» ብሏቸው ነበር። አስተዳዳሪውም ይህን ቃል አልረሱትም፤ በሚቀጥለው የገበያ ቀን ሐኪሟ የእብድ ውሻ በሽታን ክትባት በገበያው ዳር እንድትሰጥ አደረጉ፤ አስቀድመው የራሳቸውን ውሾች አስከተቡ። ያን ቀን ገበሬው ውሻውን በገመድ እየሳበ ሲመጣ አይተናል። አዋጅ ቢነገር ኖሮ ይህን ያህል ሰው ይመጣ ነበር ለማለት አንደፍርም፤ ሰው የሹሙን ቃል ከመስማቱ በፊት የሹሙን ደጅ ያያልና።

ሊድን ስለማይችለው

ርኅራኄ ማለት ሁልጊዜ ማዳን ማለት አይደለም። ሕመሙ ከሐኪም እጅ ያለፈ እንደ ሆነ፥ ከዚያ ወዲያ ያለው ሥቃይ ብቻ ከሆነ፥ በመድኃኒት አስተኝቶ ማሳረፍ ምሕረት ነው። ነገር ግን ይህን የሚወስነው ሐኪም መርምሮ እንጂ ባለቤት ሰልችቶት ሊሆን አይገባም። ገደል መጣል፥ በድንጋይ መውገር፥ በጅብ መንገድ ላይ ማሰር ከዚህ ጋራ የሚቈጠር አይደለም፤ ይህ ሕፃናት እያዩት የሚያድጉበት ጭካኔ ነው። በደካማው ላይ የለመደ እጅ ደግሞ በእንስሳ ላይ ብቻ አይቀርም።

ከሹማምንትና ከባለ እርሻዎች የሚጠበቀው

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ቡችላ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሲሆነው የፓርቮንና የዲስቴምፐርን ክትባት ጀምሮ፥ በየሦስትና በየአራት ሳምንቱ እየደገሙ እስከ 16 ሳምንት ማድረስ፥ ከዓመትም በኋላ ማደስ ይገባል። በመጀመሪያው ክትባት ብቻ መተማመን አይበቃም፤ ከላይ የተናገርነው የእናቱ ኀይል ገና ካላለቀ ክትባቱን ያከሽፈዋልና። ይህ ክትባት በማይገኝበት ወረዳ እንኳ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በየዓመቱ እንዲሰጥ መትጋት ከሹሙ ይጠበቃል።

በዓለም ላይ በእብድ ውሻ በሽታ በየዓመቱ 59000 ያህል ሰው እንደሚሞት ይገመታል፤ ከመቶው 99 የሚሆነውም ከውሻ የተላለፈበት ነው። ብዙዎቹ ሕፃናት ናቸው። በአንድ ወረዳ ካሉት ውሾች ከመቶው ሰባው ቢከተቡ በሽታው መተላለፊያ አጥቶ ይቆማል። በየጊዜው መርዝ እያስነዙ ውሾችን መፍጀት ግን በሽታውን አላጠፋውም፤ የሞቱትን የሚተኩ ያልተከተቡ ቡችሎች ከጥቂት ወራት በኋላ ይሞሉበታል፤ መርዙም ለእረኛውም ለከብቱም አደጋ ነው።

የውሻ በሽታ በግቢ አጥር ተወስኖ እንደማይቀር የባሌ ተራሮች ምስክር ናቸው። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የማይገኘው ቀይ ቀበሮ፥ ቍጥሩ 500 ያህል ብቻ ሲሆን፥ ከእረኞች ውሾች በተላለፈ በሽታ ደጋግሞ አልቋል። በ2003 ዓ.ም. በዌብ ሸለቆ የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ በዚያ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ከአራት ሦስቱን እጅ ያህል ገደለ፤ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ዲስቴምፐር ገባባቸው። በአንድ ጎጆ ደጅ ሳይከተብ የቀረ ቡችላ እስከዚህ ድረስ ያደርሳል።

የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት በዓለም መጀመሪያ ጊዜ በፈረንሳይ አገር በሊዮን ከተማ በ1761 ዓ.ም. በክሎድ ቡርዥላ ሲመሠረት ከምክንያቶቹ አንዱ የከብት እልቂት ነበር። በአገራችንም በቢሾፍቱ የእንስሳት ክትባት የሚሠራበት ተቋም ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ፥ የእንስሳት ሐኪሞች የሚማሩበትም ትምህርት ቤት ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ ቆመዋል። እንግዲህ ጥበቡም ጠቢባኑም አሉ። የቀረው፥ በየወረዳው ያለው ሐኪም መድኃኒቱን የሚያቀዘቅዝበት ዕቃና ወደ ሩቅ ቀበሌ የሚሄድበት መጓጓዣ እንዳይጐድለው ሹሙ መከታተሉ፥ ባለ እርሻውም ውሻውን ከከብቱ ጋራ ቈጥሮ ማስመርመሩ ነው።

ስለዚህ ክቡራን አንባብያን፥ በዚህ ወር ወደ ቤታችሁ ወይም ወደ ጎረቤታችሁ ቤት ቡችላ የገባ እንደ ሆነ፥ ድዱን ገልጣችሁ እዩ፤ መብላቱንና ሰገራውን ጠይቁ፤ ሳይታመም የትሉን መድኃኒትና ክትባቱን አስጀምሩት። የታመመ እንደ ሆነም ሳይመሽ ወደ ሐኪም ውሰዱት፤ ሰው ቢያይ ይይ።